እርሾ ይሸጣል እንዴ? ከአፍንጮ በር ኩሽና የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

ጥር 14 ቀን 2017

የጥምቀት እንግዳ ተሸኝቶ ቤቱ ጸጥ ሲል እናቴ ጋኑን ልታጥብ አምቡላውን ይዛ ወደ ጓሮ ስትወጣ ደረስኩባት። «ተይው፣ እፈልገዋለሁ» ስላት «የምን ከብት አለሽና?» አለችኝ። አንድ የሻይ ብርጭቆ ያህል ቀድቼ ፍሪጅ ከተትኩ። ሥራው በዚህ ተጀመረ።

ያነሳሳኝ ይሄ ነው። እኛ ቤት ጠጅ አንዱን ዓመት እንደ ወርቅ ጠርቶ ይወጣል፤ በሌላው ዓመት በዚያው ማር፣ በዚያው ጌሾ፣ በዚያው እጅ ተጥሎ ደፍርሶና ሆምጥጦ እንግዳ ፊት ያሳፍረናል። ማሩን እንመርጣለን፣ ጌሾውን እናሸታለን፣ ጋኑን በግራዋ አጥበን በወይራ እናጥናለን። እርሾውን ግን የሚመርጠው የለም፤ ከጌሾው እንጨት ይሁን ከማሩ ወይም ከጋኑ ግድግዳ፣ የመጣው ይመጣል። አራት ኪሎ ማይክሮባዮሎጂ ስማር የስንቱን አገር እርሾ በማይክሮስኮፕ ሳይ ከርሜ የቤታችንን አንድ ቀን አላየሁትም።

ስለዚህ ከሦስት ቤት ጠጅና ከሁለት ቤት ጠላ እርሾውን ለይቼ፣ የተሻለውን አባዝቼ፣ ቤታቸው ለሚጥሉ ሰዎች በብልቃጥ ልሸጥ ነው። ካፒታሌ አንድ አሮጌ ፍሪጅ፣ አንድ ፕሬዠር ኩከር፣ የስፒሪት ኩራዝና ከጓደኛዬ የተዋስኩት ማይክሮስኮፕ ነው።

ጥር 19

የእርሾ ምግብ ዋጋ ጠየቅኩ። ለላብራቶሪ ተብሎ የሚመጣው ዱቄት የሚገዛው በዶላር ነው፤ ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ዋጋው የሚቀመስ አልሆነም። ከእሱ የገዛሁት አጋር የሚባለውን፣ የእርሾውን ምግብ ሳህን ላይ እንደ ጄሎ የሚያረጋውን ዱቄት ብቻ ነው፣ እሱንም በማንኪያ እየቆጠርኩ፤ ለ1 ሊትር 15 ግራም ይበቃል። ሌላውን መርካቶ ከተገዛ የገብስ ብቅል አወጣሁት። 150 ግራም ያህል የብቅል ዱቄት በ1 ሊትር ውሃ በጥብጬ፣ 65 ዲግሪ ላይ ለአንድ ሰዓት አቆይቼ፣ በነጠላ ጨርቅ አጠለልኩት። ጣፋጭ ነው፤ የወንድሜ ልጅ ግማሽ ብርጭቆ ጠጣብኝ።

ማር በርካሽ ቢገኝ እንኳ ለማባዣ አይሆንም። ስኳር ሞልቶታል እንጂ ናይትሮጂን የለውም ማለት ይቻላል። እርሾው በባዶ ሆዱ ይሠራል እንጂ አይረባም። ጠጅ ከጠላ የሚዘገይበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ጥር 23

ብቅሉን በአጋር አርግቼ እርሾ ልዘራባቸው ካዘጋጀኋቸው 8 ሳህኖች 5ቱ ምንም ሳልዘራባቸው በቀሉ። ሁለቱ አረንጓዴ ሻጋታ፣ ሦስቱ የሚያብረቀርቅ ነገር።

ግማሽ ቀን እጄን ስወቅስ ዋልኩ፤ ጥፋቱ የከፍታው ነው። ምግቡ ውስጥ ያለውን ጀርም ሁሉ ለመግደል መጽሐፉ «121 ዲግሪ፣ 15 ደቂቃ» ይላል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ውሃ የሚፈላውም 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፕሬዠር ኩከሩ ግፊቱን የሚጨምረው ደጅ ባለው አየር ላይ ስለሆነና የደጁ አየር ደግሞ ስስ ስለሆነ፣ ባሕር ዳርቻ 121 የሚደርሰው ድስት እዚህ 117 አካባቢ ይቆማል። የኔው ያረጀ ጎማው ተጨምሮበት ከዚያም ሳያንስ አይቀርም። በ40 ደቂቃ ደገምኩት። ሦስት ቀን ቆይተው አንዱም አልበቀለም። (ባቄላችን ለምን ቶሎ እንደማይበስል ለማያውቅ ሰው መልሱ እዚሁ ነው።)

የካቲት 8

ከአምስቱ ቤት በመልክ የተለያዩ 11 እርሾዎች ለየሁ። ሳህኑ ላይ የሻማ ጠብታ ይመስላሉ፤ ክሬም መልክ፣ ድፍን፣ ሲከፈቱ የዳቦ ሽታ። እያንዳንዱን ማር አንድ እጅ፣ ውሃ ሦስት እጅ በሆነ 1 ሊትር ብርዝ ላይ ጨምሬ መስኮቱ ሥር ደረደርኳቸው።

ቁጥር 7 የጫማ ቀለም ሸተተ፣ ደፋሁት። አብዛኞቹ ደህና ናቸው፣ ግን እንደ ደፈረሰ ወንዝ ሆነው ቀሩ። ቁጥር 3 ብቻ የተለየ ነው። ከራስ መኮንን ድልድይ በላይ ካሉ አንድ እናት ጠጅ የተወሰደ ነው። መፍላቱን ሲጨርስ በሁለት ቀን ወርዶ ጠርሙሱ ግርጌ ላይ እንደ ጭቃ ተለጠፈ። ጠርሙሱን አዘነበልኩት፤ ዝቃጩ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ከላይ ያለውን በእሱ በኩል ጋዜጣ ማንበብ ይቻላል። ብርሌ ውስጥ ሲገባ የሚታየው መጥራቱ ነውና የምሸጠው እሱን ነው።

የካቲት 12

የመጀመሪያው ዙር 40 ብልቃጥ ወጣ፤ እያንዳንዱ 40 ሚሊ ሊትር። ሜቲሊን ብሉ የሚባል ቀለም ጠብ አድርጌ በማይክሮስኮፕ አየሁ። የሞተው ሴል ቀለሙን ጠጥቶ ሰማያዊ ይሆናል፣ ሕያው የሆነው ገላጣ ሆኖ ይቀራል። ከ100 ውስጥ 96 ሕያው። በ1 ሚሊ ሊትር 1 ቢሊዮን ገደማ ስላለ አንድ ብልቃጥ ለ20 ሊትር ጋን በቀጥታ አይበቃም፤ ከዋዜማው በ1 ሊትር ብርዝ ተነቃቅቶ መግባት አለበት። ይህን በግማሽ ገጽ ወረቀት ጻፍኩና ከየብልቃጡ ጋር በላስቲክ አሰርኩ። ዋጋ 120 ብር፤ ከዚያ ውስጥ 38ቱ የባዶው ብልቃጥ ነው።

መጀመሪያ የወሰድኩት የታች ቤቷ እትዬ ጋ ነው። ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንስተው አዩት።

«ምንድን ነው ልጄ?»

«እርሾ ነው እትዬ፣ ለጠጅ። 120 ብር።»

«እርሾ ይሸጣል እንዴ?» አሉና ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን አቁመው በእርግጥ እያዘኑልኝ፣ «ቸግሮሽ ነው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። እርሾ ማለት ልጅ በስኒ የሚላክበት ነገር ነው፤ «እማዬ እርሾ ስጡኝ ብላለች» ተብሎ። በድሮው ጊዜ እሳት ሊጭር ለመጣ ሰው ፍም ቆጥሮ እንደ መሸጥ ነው የቆጠሩት። ትምህርት ቤት ስለ ሴል ግድግዳ ብዙ ተምሬያለሁ፣ ይሄንን ግን ማንም አልነገረኝም።

የካቲት 16

12 ተሸጠ። የገዙትን ሳይ አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ ከነባር ሰፈር ማንም የለም። ሁለቱ ኮንዶሚኒየም የገቡ ወጣት ባለትዳሮች ናቸው፣ ጋን ያላት ጎረቤት የላቸውም። አምስቱ ከፒያሳና ከካዛንቺስ ሲነሱ የተበተኑ ናቸው። አንደኛዋ ሴትዮ በስልክ፣ «ጋኔን ይዤው ሄጃለሁ፣ ጥንስስ የምትሰጠኝ ጎረቤቴ ግን በሌላ አቅጣጫ ሄደች» አለችኝ። ሦስት ወንዶች ቤታቸው ቢራ ሊሞክሩ ነው። ሁለቱ ዝም ብለው የኔ ዘመድ ናቸው።

ገበያዬ እንግዲህ ጎረቤት የሌለው ሰው ነው። ደስ የሚል ግኝት አይደለም፣ ግን ግኝት ነው።

የካቲት 30

ዐቢይ ጾም ከገባ ሁለት ሳምንት ሆነ። ሰርግ የለም፣ ድግስ የለም፣ ስልኬ ጸጥ ብሏል። ፍሪጅ ውስጥ 28 ብልቃጥ ተኝቷል።

መጋቢት 8

ቆጠርኩ፦ ከ100 ውስጥ 77 ሕያው። ፈሳሽ እርሾ ፍሪጅ ውስጥ ሆኖም በወር ከአምስት እጁ አንዱን ያህል ያጣል የሚባለውን በዓይኔ አየሁ።

ጭንቁ እዚህ ላይ ነው። 12 ብልቃጥ ማዘጋጀትና 40 ማዘጋጀት የሚፈጀው ጋዝና ጊዜ ያው ነው። ትንሽ ባወጣ አንዱ ብልቃጥ 300 ብር ሊያወጣብኝ ነው፤ ብዙ ባወጣ ሳይሸጥ ያረጃል። ሱቅ የሚሸጠው ደረቅ የዳቦ እርሾ ግን አየር በሌለው ፓኬት ታሽጎ ሁለት ዓመት ያለ ፍሪጅ መደርደሪያ ላይ ይተኛል። እኔ በፌስታል በረዶ ይዤ ስሯሯጥ እሱ እንቅልፉን ይለጥጣል። ለጠጅ የሚሆን ነገር አይደለም፤ ዳቦ ሊነፋ የተመረጠ ነው፣ ቶሎ አይወርድም፣ ሽታውም ይቀራል። «የዳቦ እርሾ ጨምራበታለች» ሲባል ሐሜት እንጂ ምስጋና ሆኖ ሰምቼ አላውቅም። ግን ይሠራል፣ ርካሽ ነው፣ የትም አለ።

መጋቢት 11

የኔንም ላድርቀው ብዬ ሞከርኩ። የኖርዌይ ገበሬዎች ክቫይክ የሚሉትን የቤት እርሾ በእንጨት ቀለበት ላይ እያደረቁ ከመጥመቂያ እስከ መጥመቂያ ያቆዩት ነበር፤ የአንዱ ሲበላሽ ከጎረቤቱ ይወስዳል። እነሱም እንደኛው መሆናቸው ገረመኝ። አሁን ያንኑ እርሾ ትልልቅ ኩባንያዎች በፓኬት ይሸጡታል።

ቁጥር 3ን በንጹሕ ወረቀት ላይ በስሱ ቀብቼ ለአንድ ቀን ተኩል በማራገቢያ ሥር አደረቅኩት። እንደ ደረቀ ሽሮ ተሰነጣጥቆ ተነሳ። ለብ ባለ ውሃ አነቃቅቼ ሳየው ማይክሮስኮፑ ሥር የሰማያዊ ባሕር ሆነ፤ ከ10 አንዱ ቢተርፍ ነው። ክቫይክ ለብዙ ትውልድ ሲደርቅ የኖረ ነው፣ መድረቅን የማይችለው በመንገድ ቀርቷል። የኔው ሕይወቱን በሙሉ እርጥብ ጋን ውስጥ ነው የኖረው። ተውኩት።

መጋቢት 21

ፋሲካ ሚያዝያ 12 ስለሆነ ጠጅ የሚጥል ሁሉ በዚህ ሳምንት ይጥላል። ከአንድ ወር ዝምታ በኋላ በአራት ቀን 19 ትዕዛዝ መጣ፤ አሮጌዎቹን ደፍቼ አዲስ ዙር አወጣሁ። ሌሊት ብቅል ሳጠልል ነው የማድረው። በሞተረኛ የላክሁት አንዱ ብልቃጥ ክዳኑን ወርውሮ የልጁን ቦርሳ ሙሉ ጠጅ ጠጅ አሸተተው። ክዳን አጥብቄ መዝጋቴ ነው ጥፋቱ። እርሾ ትንሽ ስኳር ከቀረለት መንገድ ላይም ይተነፍሳል።

ሚያዝያ 16

የመጀመሪያው ወቀሳ። «ጠጄን አበላሸሽው፣ ኮምጣጤ ነው የሆነው፣ እንግዳ ፊት አፈርኩ» አሉ አንዲት እናት በስልክ። ከየዙሩ አንድ ብልቃጥ ለምስክር አስቀራለሁ፤ የዚያን ዙር አውጥቼ ሳየው ንጹሕ ነው። ያንን በስልክ ልናገር ፈለግኩና ተውኩት፤ የተበላሸ ጠጅ ይዞ ለሚያዝን ሰው የማይክሮስኮፕ ወሬ ምን ያደርግለታል? ቤታቸው ሄድኩ። ቡና እየጠጣን ሂደቱን አንድ በአንድ ተረኩልኝ፤ ጌሾውን ከብርዙ ቀንሰው አፍልተው ወደ ጋኑ እንደ መለሱ፣ «ሳይቀዘቅዝበት» ብለው እርሾውን ወዲያው ጨምረውታል። ሙቀት እንደሚወድ ከዳቦ የለመዱት ነው። የኔ ወረቀት «ለብ ሲል» ይላል፤ ለእሳቸው እጅ ለብ ያለው ለእርሾ ፍል ነው። በዚያ ምጣድ የለመደ እጅ ምን ልፍረድ! ቁጥር 3 በገባበት ሞቷል፣ ጋኑን የሚያሆመጥጠው ባክቴሪያ ተረክቦታል።

ብራቸውን መለስኩ፣ አዲስ ብልቃጥ ሰጠሁ። ወረቀቱም ተለወጠ፦ «ጣትዎን ሲነክሩ ሙቀት ጨርሶ የማይሰማዎ ሲሆን»። የእናቴ አስተያየት፦ «ጠጅ ካማረ እጇ ያማረ ነው ይባላል፤ ከከፋ ግን እርሾው ነው።» ይህን ሥራ ስጀምር ብትነግረኝ ምን ነበረበት።

ግንቦት 12

እስከ ዛሬ የገዛኝ ሰው 31 ነው። ሁለተኛ የገዛው 4 ብቻ።

ምን አጠፋሁ ብዬ ስልክ መታሁ። ሁሉም ደስተኛ ነው! አንደኛዋ እንዲህ አለችኝ፦ «የሰጠሽኝ እኮ እስካሁን አለ። ዝቃጩን በጠርሙስ አስቀምጬ ለሚያዝያ ሰርግ ደገምኩበት፤ ለእህቴም ለአማቴም አካፍያለሁ። እግዚአብሔር ይስጥሽ።» ዝቃጩ እንዴት እንደሚቀመጥ የነገራት ማን ነው? የኔው ወረቀት፣ ተራ ቁጥር 6።

ሌላ ነጋዴ የሚሸጠው ያልቃል። ማሩ ይጠጣል፣ ጌሾው ይደፋል። የኔ ዕቃ ገዢው ቤት ገብቶ ይረባል፤ አንድ ስኒ ሰጥቼ ከሳምንት በኋላ እሷ ከኔ የበለጠ አላት። ደንበኛዬ በወሩ ተፎካካሪዬ ትሆናለች፣ ለዚያውም በነጻ የምትሰጥ። ተራ ቁጥር 6ን ላውጣው ብዬ አሰብኩ፤ ግን ያለ ወረቀቱም ቢሆን አምቡላ ማስቀረት ለዚህ ከተማ እናቶች የሚነገር ነገር አይደለም።

ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን የተባለው ሰው በ1883 እ.ኤ.አ. ኮፐንሃገን ውስጥ ካርልስበርግ ፋብሪካ ላብራቶሪ ሆኖ ከአንድ ሴል የተነሳ ንጹሕ የቢራ እርሾ ሲያወጣ ፋብሪካው ለተፎካካሪዎቹ ሳይቀር በነጻ አደለው። ይህን ፈተና ላይ ጽፌ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። ያኔ ደግነት መስሎኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ሌላም ምርጫ አልነበራቸውም። ልዩነቱ ካርልስበርግ ቢራ የሚሸጥ መሆኑ ነው፣ እኔ ጠጅ አልሸጥም።

ፋብሪካዎች አንዱን እርሾ ደጋግመው ከጠመቁበት በኋላ ጥለው ከንጹሕ እናት እንደ አዲስ ይጀምራሉ፤ ምክንያቱም እየቆየ ባክቴሪያ ይደባለቅበታል፣ ባሕርዩም ይለወጣል። እኔም «ከአምስት ጊዜ በኋላ ይመለሱ» ብዬ ልጻፍ አልኩና አሰላሁት። ለገና፣ ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ብቻ የሚጥል ሰው አምስት ጊዜ ለመድረስ ሁለት ዓመት ሊጠጋ ነው። ጻፍኩት፣ ከመሳቅ ጋር።

ሰኔ 9

መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ዝናቡም አያባራም። ሁለት ዘመድ ልንጠይቅ ወጥተን አደርን።

ሰኔ 11

መጥፎ ቀን። በሌለሁበት መብራቱ መጣ፣ ተመልሶ ጠፋ። እናቴ ቀድማኝ ገብታ ብልቃጦቹ ሲያፏጩና ክዳናቸውን ሲጥሉ ታያለች። ልጄ ስንት የለፋችበት ብላ፣ ያሉትን ብልቃጦችና እናት እርሾው ያለባቸውን ሦስት ቱቦዎች ጠራርጋ ጄኔሬተር ያለው ጎረቤት ወስዳ ፍሪዘር ውስጥ ትከታቸዋለች፤ «በደንብ እንዲቀዘቅዝልሽ»። ስመለስ እንደ ድንጋይ ናቸው። እርሾ ግሊሰሪን ሳይደባለቅበት ከቀዘቀዘ በረዶው ሴሉን ከውስጥ ይወጋዋል።

ምን ልበላት? አዝና ነው ያደረገችው። «ጎሽ እማዬ» ብዬ ዞር አልኩ።

እውነቱን ለመጻፍ ጥፋቱ የኔ ነው። ሁለተኛ ቅጂ ሌላ ቤት ማስቀመጥ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል። «በሚቀጥለው ሳምንት» ስል አራት ወር አለፈ።

ሰኔ 17

ከሦስቱ ቱቦዎች በሁለቱ ምንም አልበቀለም። ሦስተኛው ላይ ሻጋታ። ቁጥር 3 የተወሰደበት ጠጅ ባለቤት የሆኑት እናት ጋ ድልድዩን ተሻግሬ ሄድኩ፤ ከጥምቀት ወዲህ አልጣሉም፣ ጋናቸው ታጥቦ ተገልብጧል።

ሰኔ 20

በግንቦት ላመሰገነችኝ ሴት ደወልኩ፤ ያቺ ለእህቷም ለአማቷም ያካፈለችው። ሁኔታውን ነገርኳት።

«ነይና ውሰጂ እንጂ፣ ምን ችግር አለ?»

ስደርስ ጠርሙሱ ከፍሪጅ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ይጠብቀኛል፤ በአሮጌ የማርማላታ ጠርሙስ፣ ሦስት ጣት ያህል ዝቃጭ፣ ከላዩ ወርቃማ ጠጅ። አንድ የሻይ ብርጭቆ ቀዳችልኝ። ቦርሳዬን ስከፍት ዓይኗን አጥብባ «120 ብር ነበር አይደል?» አለችና በሳቅ ሞተች። አብሬያት ሳቅኩ። ቡናው እስኪፈላ አማቷ ጋ ያለውም ደህና መሆኑን በስልክ አጣራችልኝ።

ሰኔ 26

በአዲስ ሳህን ላይ ዘራሁት። ባክቴሪያ አልጠፋበትም፣ ሦስት ትውልድ ጋን ውስጥ የኖረ ነው። ከመሐል ንጹሕ የሻማ ጠብታዎች መርጬ በቱቦ አስቀመጥኩ፦ አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ ጓደኛዬ ቤት፣ አንዱ ያቺው ሴት ፍሪጅ ውስጥ፣ እንቁላሉ አጠገብ። ግሊሰሪንም ገዛሁ።

ያው ቁጥር 3 መሆኑን በዲኤንኤ የማረጋግጥበት አቅም የለኝም። አንድ ሊትር ብርዝ ላይ ጨምሬ መስኮቱ ሥር አቆምኩት።

ሐምሌ 9

ክረምት ስለሆነ ዘገየ፤ ዛሬ መፍላቱን ካቆመ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ጠርሙሱን አዘነበልኩት። ዝቃጩ ንቅንቅ አላለም።